ማርታ የያዘችው ወረቀት

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የግቢያችንን በር አንኳኳ። በእጁ የታሸገ ፖስታ ይዟል፤ ላዩ ላይ ስሜ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፣ ከሥሩም «የተማሪ ሜላት አሳዳጊ» ይላል። ሜላት የልጅ ልጄ ናት፤ እናቷ ሐዋሳ ሥራ ስለያዘች እኔ ጋ ሆና አራተኛ ክፍል ትማራለች። በዚያ ሰዓት ጓሮ ገመድ ትዘላለች። እኔም አመሌ ነውና ከሰላምታው በፊት ጥያቄውን አስቀደምኩ፤ ልጅቷ ጠዋቱን ሙሉ እናንተው ጋ ስትውል ወረቀቱን ለእሷ ሰጥቶ መላክ አይቻልም ነበር ወይ፣ አንተን በዚህ ፀሐይ ከማንከራተት አልኩት። ሰውዬው ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገና፣ «እትዬ ዘነቡ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት በልጅ እጅ አይላክም። ተከልክሏል» አለኝ። ውኃ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። እኔ ግን ፖስታውን እንደያዝኩ በሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ነው የቆምኩት።

እኛ ስናስተምር ፖስታ የሚባል ነገር አልነበረም። ወረቀት ማለት ከደብተር መሀል ተላቆ የሚወጣው ድርብ ገጽ ነው። ለሁለት ይቀደዳል፣ «ወላጅ ይምጣ» ይጻፍበታል፣ ክቡ ማኅተም ይመታበታል፣ ለተማሪው ይሰጣል። እኔ በነበርኩበት የጂንካ ትምህርት ቤት በሽታው ብዙ፣ መድኃኒቱ አንድ ነበር። መስኮት የሰበረ፣ ወላጅ ይምጣ። ቅማል የተገኘባት፣ ወላጅ ይምጣ። ያረፈደ፣ ያንቀላፋ፣ መዝሙር ላይ የሳቀ፣ ሁሉም ወላጅ ይምጣ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ታፈሰ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ከዚህ ሌላ መንገድ አያውቁም። ጣራው ቢያፈስ የጣራውን ወላጅ ያስጠራሉ እያልን እናማቸው ነበር።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ ነገሩ ገና ያልረጋበት ነው። መዝሙሩ ተቀይሮ አዲሱን ግጥም አጥርቶ የሚያውቅ ስላልነበረ ጠዋት ተሰልፈን ዜማውን ብቻ እናንጎራጉር ነበር፤ ከሩቅ ለሚሰማን ንብ የሰፈረበት ግቢ ነበር የምንመስለው። ጂንካ ያኔ ትንሽ ናት። የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሀል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ኳስ ይጫወቱበታል፣ ላም ይግጥበታል። በሚመጣበት ቀን ደግሞ ላሞቹን የሚያባርር ሰው ይሮጣል፣ እኛም ማስተማሩን ትተን በመስኮት እናያለን። በስሙኒ የማይጨረስ ሙዝ ይገዛ ነበር። ስሙኒና ሽልንግ ስል ሜላት የሰው ስም እየመሰላት ትስቃለች። ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ልብስ ሸራ ላይ ይዘረገፋል፤ ትከሻዋ ላይ ሦስት ቁልፍ ያላትን አረንጓዴ ሹራቤን ከዚያ ክምር ነው የመዘዝኳት፣ ዓመቱን ሙሉም እሷን ለብሼ አስተማርኩ። መኪና ተራው ጥግ ያለው ሻይ ቤት አንድ ካሴት ብቻ ነበረው። ባትሪው ሲደክም ዘፋኟም አብራ ትደክማለች፤ እስከ ዛሬ ያንን ዘፈን በትክክለኛው ፍጥነት ስሰማው የተጣደፈች ይመስለኛል።

ጠዋት በሰልፉ መሀል የኔ ሥራ ጥፍር ማየት ነበር፤ የንጽሕና ክበብ ኃላፊ እኔ ነኝ። ልጆቹ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ እኔ የእንጨት ማስመሪያዬን ይዤ አልፋለሁ፣ ጥፍሩ አፈር የያዘ ልጅ ጣቶቹን ገጥሞ ማስመሪያዬን ይቀምሳል። በዚያ ቀይ ጭቃ ተራምዶ የመጣ ልጅ ንጹሕ ጥፍር ከየት ያመጣል ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ያኔ ግን ጎበዝ መምህር የምንለው የሚፈራውን ነበር፤ ሁላችንም እንመታ ነበር፣ ወላጁም ሥጋው የእናንተ አጥንቱ የእኔ ብሎ ነው ልጁን የሚያስረክበን። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ፣ ቤቴ ውስጥ ይመቱኛል የሚል ልጅ ለማን ብሎ ይናገራል?

ማርታ ግን ተናገረች። አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ አሥራ ሁለት ወይ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ቀይ አፈር ከሚባለው ከተማ ወዲህ ባለ መንደር የምትኖር የአሪ ገበሬ ናት፣ አባቷ ሞቷል። መንደራቸው ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ስለማያልፍ ልጅቷ ጂንካ መጥታ ነጋዴ ቤት ተጠግታ ትማራለች። የአገሩ ወግ ነው፤ ልጅ ከገጠር ይመጣል፣ ከተማ ቤት ይጠጋል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ሱቅ ይጠርጋል፣ በምላሹ ይማራል። የተጠጋችበት ቤት ባለቤት ደምሴ ይባላል። ሱቁ ከገበያው በላይ ነው፣ የትምህርት ቤታችን የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው፤ ጠመኔ ሲያልቅብን ካርቶን ሙሉ ይልክልናል። የሱም አባት እንደኔ አባት ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው ናቸው፣ ሁለቱም የአንድ ማኅበር ጽዋ ሲጠጡ ነው የኖሩት። ማርታ ሒሳብ ላይ እሳት ነበረች፣ ንግግር ላይ ቁጥብ። እናቷ ኮረሪማ ነጋዴም ስለሆነች ደብተሯ ሁሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። አማርኛዋን ከተማ መጥታ ስለተማረችው ለርዕሰ መምህሩም ለጥበቃውም ለእኔም አንተና አንቺ ነበር የምትለው። ሌሎቹ መምህራን ይቆጧታል፤ እኔ ግን ከሷ አፍ ሲወጣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት እጅሽን ዘርጊ ስላት አልዘረጋችም። በዚያ ሙቀት የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጫፍ ጎትታ ጨብጣዋለች። ማስመሪያዬን አነሳሁ። ያኔ ዓይኗን አየሁት፤ የምትፈራው ማስመሪያውን ሳይሆን እጅጌዋ እንዳይሰበሰብ ነው። ማስመሪያዬን መልሼ አለፍኳትና በእረፍት ሰዓት ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ጠራኋት። በአሮጌ ካርታና በተሰባበረ ወንበር መሀል ቆማ እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበችው። ደምሴ ነው፣ በኤሌክትሪክ ገመድ ነው አለች። እንቅልፍ ወስዷት ወጥ አርሮባት ነው መሰለኝ፤ ምክንያቱን በደንብ አላስታውሰውም፣ ምክንያት ቢሆንስ ምን ሊሆን። የመጀመሪያው እንዳልሆነም ነገረችኝ። እሷ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ስትወጣ በሩ ላይ ዘወር አለችና፣ «ለሰው እንዳትነግሪ። ለአንቺ ብቻ ነው» አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት።

እሺታዬን አንድ ሰዓት እንኳ አላቆየሁትም። መንገሬ ጥፋት አልነበረም፤ ዝም ብል የባሰ ነበር። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አቶ ታፈሰ ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት፤ አዘኑ፣ ከልባቸው ነው ያዘኑት። ፖሊስ ጋ እንሂድ ወይ አልኳቸው፤ የቤት ጉዳይ ነው ብለው ይመልሱናል አሉ። ሰውዬው ኮሚቴያችን ነው፣ ቢቀየም ትምህርት ቤቱ ይጎዳል አሉ። ከዚያ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ማኅተሙ ሄደ። «በይ እንግዲህ፣ አሳዳጊው ይምጣ» አሉኝ። እኔም ከደብተር መሀል ገጽ አውጥቼ፣ የተማሪ ማርታ አሳዳጊ በነገው ዕለት ስለ ልጅቷ ጉዳይ ለመነጋገር ይምጣ ብዬ በሚያምር ጽሑፍ ጻፍኩ። ከዚያ ወረቀቱን ለማርታ ሰጠኋት። ለማን ልስጠው ሌላ? ወረቀት የሚላከው በተማሪው እጅ ነው። እሷም እንደቆመች አነበበችው። አንብባ አየችኝ፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ እዚያው ቁስሏን የሸፈነችበት እጅጌ ውስጥ ከተተችው። አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ አልኳት።

በማግስቱ ደምሴ ኮቱን ለብሶ መጣ፤ የአቶ ታፈሰን ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ ደኅንነታቸውን ጠየቀ። ርዕሰ መምህሩ ዙሪያ ጥምጥም ሄዱ፤ ስለ ዘመኑ ልጆች አወሩ፣ ስለ ትዕግሥት አወሩ። በመጨረሻ ማርታ ትጠራ ተባለ። እሱ ከተቀመጠበት ወንበር አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አቆምናትና፣ ጋሼ ደምሴ ይመቱሻል ወይ ብለን ጠየቅናት። «ወድቄ ነው» አለች። እሱ ሳቀ። ሌላው ወላጅ ሥጋውን ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፣ እኔ አጥንቱንም ሰጥቻችኋለሁ፣ ካጠፋች እዚሁ ቅጧት አለን። አቶ ታፈሰም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ሳቄ እውነት ነበር፤ ነገሩ በሰላም ያለቀ መስሎኝ ቀሎኝ ነበር። እጅ ተጨባብጠን እስከ በሩ ሸኘነው።

ረቡዕ ማርታ አልመጣችም። ሐሙስም አርብም ወንበሯ ባዶ ነው። ሱቁ ሄጄ ብጠይቅ ጠፍታለች፣ የገጠር ልጅ ውለታ አያውቅም አለኝ፣ እየመዘነ ካለው ስኳር ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። ሁለት ሳምንት እህል አልወርድልሽ አለኝ። መንገዱን አስባለሁ፣ የነሪን ወንዝ አስባለሁ፣ የጭነት መኪና ሹፌሮችን አስባለሁ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ እናት አላት አይደል፣ እናቷ ጋ ትሆናለች አለኝ። እኔ እኮ እናት እንዳላት ረስቼው ነበር። በመዝገቡ ላይ አሳዳጊ በሚለው መስመር የተጻፈው የደምሴ ስም ነው፤ የእናቷን ስም የጻፈ ማንም አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ አሞኛል ብዬ ቀረሁና ሳሙናና ጨው የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ነው። ስደርስ ተጥለቅልቋል፤ የበና ጎረምሶች መቀመጫም ትራስም የምትሆናቸውን በርኩማቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ማሩ፣ ማሽላው፣ ትምባሆው፣ ፍየሉ ሁሉ አንድ ላይ ነው። እኔ ያንን ሁሉ አልፌ ኮረሪማ የሚሸጡበትን ሰልፍ ፈለግሁ፤ ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ አገኘው። ማርታ ከአንዲት ቀጭን ሴት ጀርባ ቁጭ ብላ ኮረሪማ በክር ትሰካለች። ያን ማክሰኞ ስብሰባችን ካለቀ በኋላ ቤት ውስጥ ምን እንዳገኛት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁ፤ ግንባሯ ላይ ገና ያልጠፋውን አይቻለሁ። ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ተቀላቅላ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው።

ቀጭኗ ሴት እናቷ ነበረች። ከጫማዬ እስከ ሹራቤ ቁልፎች አየችኝና በገበያ አማርኛዋ፣ «ወረቀት የጻፈው አንቺ ነው?» አለችኝ።

እኔ ነኝ አልኳት።

«እናቱ እኔ ነው። ለኔ ለምን አልጻፈም?»

ሩቅ ስለሆናችሁ ነው አልኩ።

«ሩቅ አይደለም» አለች። «ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ነው ያለው።»

ማርታ ከክሩ ላይ ቀና ሳትል፣ «ለአንቺ ብቻ ነበር የነገርኩት» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖር በቀለለኝ ነበር። ቁጣ የለም፤ ሒሳብ ላይ መልሱን እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። በተተኮሰች ጉርድ ቀሚሴ አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩና ይቅርታ አድርጉልኝ አልኳቸው። እናቲቱ ክርና መርፌ አቀበለችኝ፤ መኪናዬ እስኪነሳ ድረስ ሦስታችን ኮረሪማ ስንሰካ ዋልን። ወላጅ ይምጣ እያልኩ ስንት ወረቀት ጽፌ ነበር፤ ወላጅ የምለው ማንን እንደሆነ ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

ያን ዓመት ማርታ አልተመለሰችም። እኔ ግን በወሩ ሐሙስ እንደገና ሄድኩ፣ በሚቀጥለውም። ፈረቃዬ የጠዋት ስለነበረ ከትምህርት በኋላ ያገኘሁት መኪና ላይ እወጣለሁ፤ ክረምት ገብቶ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ጫማዬን አውልቄ ከሰው ጋር ገፍቻለሁ። መስከረም ላይ እናቲቱ ልጇን ይዛ ራሷ ጂንካ መጣች። ቤቱን የመረጠችው እሷ ናት፤ በቤተ ክርስቲያናቸው በኩል የምታውቃቸው አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ዘንድ አስገባቻት። ለእኔ አንድ ቃል ብቻ ነበራት፤ ከእንግዲህ ወረቀት የለም፣ ነገር ካለ አንቺ ራስሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ። እኔም ማርታ ስምንተኛን እስክትጨርስ በየወሩ አንድ ሐሙስ ቀይ አፈር እየወረድኩ ነገርኳት፤ ሒሳብ ዘጠና አምጥታለች፣ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ቁመቷ ጨምሯል። አርብ ጠዋት ጠመኔ ስይዝ ጣቴ ኮረሪማ ይሸታል። በዕድሜዬ ያስተማርኩትን ሁሉ አንድ ላይ ብታደርጉት እነዚያን ሐሙሶች አያህልልኝም፤ ይናፍቁኛል።

ደምሴን ግን አንድም ቀን ፊት ለፊት አልተናገርኩትም። በማኅበር ስንገናኝ ደኅና ዋልክ እለው ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ከኮሚቴውም ያነሳው የለም። የኮረሪማ ነጋዴዎቹ ሴቶች ግን ወረቀትም ስብሰባም ሳያስፈልጋቸው ወሬውን ከገበያ ገበያ አደረሱትና ከዚያ ወዲያ ከዚያ አገር አንድም ልጅ ቤቱ አልተጠጋም። እኔም ማስመሪያዬን ለመስመር ብቻ ተውኩት። በአንድ ቀን አይደለም የተውኩት፣ እጅ ክፉ ነው፣ እየረሳ ይነሳል፤ ግን ተውኩት። ጥፍር ማየቱን አላቆምኩም። እጁን ገልብጬ አያለሁ፣ እጅጌ አሰበስባለሁ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ እላለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ጤና ጥበቃ መጣች እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። በዚያ ሰልፍ ሌሎችም ልጆች እጅጌያቸውን ጎትተው ቆመው አግኝቻለሁ፤ አንዳቸውንም ግን ወረቀት አላስያዝኩም። ማርታ ዛሬ ኦሞራቴ ነርስ ናት፣ በየመስከረሙ በሰው እጅ አንድ ክር ኮረሪማ ትልክልኛለች።

እንግዲህ ፖስታው እንዳዘዘኝ ረቡዕ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ የሜላት ትምህርት ቤት ሄድኩ። በሩ አጠገብ ቁልፍ ያለው ትንሽ የእንጨት ሣጥን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ልጅ የከበደውን ነገር ጽፎ የሚጨምርበት ነው። ያስጠራችኝ የልጆች ደኅንነት ኃላፊ የሆነች ሕይወት የምትባል መምህርት ናት፣ በዕድሜ ልጄን ታህላለች። ከመቀመጫዋ ተነስታ ወንበር ሳበችልኝና በቀስታ ነገረችኝ፤ የሜላት ክንድ በልዟል፣ ብቻዋን ከአንዲት ሌላ መምህርት ጋር ሆነን አነጋግረናታል፣ ከዘይቱን ዛፍ ወድቄ ነው ብላናለች፣ ቢሆንም የቤቱንም መስማት አለብን። ደሜ ፈላ። እኔን? ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩትን? ከዘይቱኑ ስትወድቅ ያነሳኋት፣ ቅቤ ያሸሁላት እኔ ነኝ። አፌ ድረስ የመጣውን ዋጥኩና ስለ ዛፉ ነገርኳት። ልጅቷ ስታጠፋ እንዴት ነው የሚቀጧት አለችኝ። አንዳንዴ እቆነጥጣታለሁ አልኩ፣ መዋሸት አቅቶኝ። አንገቷን ሳታቀና ጻፈችው።

እስክትጨርስ ጠበቅሁና እኔም ጠየቅኋት። «አያቴ ናት የመታችኝ ብላ ነግራችሁ ቢሆን ኖሮ፣ እኔን ትጠሩኝ ነበር?»

«አይ እማማ» አለች። «ያኔማ መጀመሪያ የምንደውለው ለእናቷ ነው። ስልካቸው መዝገቡ ላይ አለ።»

ዕንባዬ መጣ። መምህርቷ ያስቀየመችኝ መስሏት ደነገጠች፤ ይቅርታ፣ መመሪያው ነው፣ እርስዎን ጠርጥረን አይደለም ትላለች። መጠርጠርስ ጠርጥሩኝ ልላት ፈለግሁ። እጇን ይዤ ሳምኩት፤ እሷም ግራ ገብቷት የኔን ሳመች።

እኩለ ቀን ላይ ከክፍል ስትለቀቅ ሜላትን ይዤ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ድረስ ቦርሳዋን አቅፋ ሄደች፤ እኔን የምታየው በጎን ነው። ከዚያ ተናደድሽብኝ እንዴ አለችኝ። አልተናደድኩም አልኳት። ሲጠይቁሽ ሁልጊዜ እውነቱን ንገሪያቸው፣ የመታሽ ማንም ይሁን ማን።

«ማንም ቢሆን?»

«ማንም ቢሆን። እኔም ብሆን።»

ትንሽ ሄደችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቁንጥጫውንም ነግሬያቸዋለሁ» አለች።

«እኔም ነገርኳቸው» አልኳት፣ ቦርሳዋንም ተቀበልኳት።